የስልካችሁን ቁልፍ ማን ሠራው? ደመወዙንስ ማን ከፈለው?

አሁን ይህን የምታነቡበት ስልክ ውስጥ አንድ ቁልፍ አለ። ፒን ወይም የጣት አሻራ ማለቴ አይደለም። የባንክ አፕ ስትከፍቱ፣ ብር ስትልኩ፣ ክሮም ላይ ፓስዎርድ ስትጽፉ፣ ከስልካችሁ የሚወጣውን ነገር መሃል መንገድ ላይ ያለ ሰው እንዳያነበው የሚቆልፈውን ኮድ ማለቴ ነው። ብዙ ሰው ይሄን ቁልፍ ባንኩ፣ ወይም ቴሌ፣ ወይም አፑን የጻፈው ልጅ የሠራው ይመስለዋል። አይደለም። በአብዛኛው ሌላ ሰው ሠርቶ ለዓለም በነፃ የለቀቀው ነው።

ፕሮግራመሮች እንዲህ ተዘጋጅቶ የተቀመጠን ኮድ «ላይብረሪ» ይሉታል። አንዱ ይጽፈዋል፣ ሌላው ወስዶ የራሱ ሥራ ውስጥ ይሰካዋል። ከምስጠራ ላይብረሪዎች ውስጥ በጣም የታወቀው ኦፕንኤስኤስኤል ይባላል። ከኢንተርኔት ሰርቨሮች ብዙዎቹ የሚቆለፉት በእሱ ነው። አንድሮይድና ክሮም ደግሞ ጎግል ከእሱ ቀድቶ ያሻሻለውን ቦሪንግኤስኤስኤል የሚባለውን ይጠቀማሉ። ስማቸውን ሰምታችሁ ባታውቁም በቀን መቶ ጊዜ ያገለግሏችኋል።

እኛም አገር ሁሉም ነገር ወደ ስልክ እየገባ ነው። መታወቂያው ፋይዳ ሆነ፣ ታክሲ ላይ ሳይቀር በስልክ ይከፈላል፣ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ደግሞ «5 ሚሊዮን ኮደርስ» በሚለው ፕሮግራም ወጣቱ ኮዲንግ ተማር እየተባለ ነው። ጥሩ። ታዲያ ይሄ ሁሉ የሚቆለፍበት የጋራ ቁልፍ ከየት መጣ? ማንስ ይጠብቀዋል? የተሰበረ ቀንስ መጀመሪያ የሚሰማው ማነው?

«ለምን የራሳችንን አንሠራም?»

ሁሌም የሚመጣ ጥያቄ ነው። ከአገር ፍቅር የመጣ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ደስ አይልም። በምስጠራ ዓለም «ይሠራል» እና «ደህንነቱ የተጠበቀ ነው» የሚሉት ሁለት ነገሮች ተራርቀው ነው የሚኖሩት።

ፓስዎርድ የሚያመሳክር ኮድ አስቡ። የጻፋችሁትን ከትክክለኛው ጋር ፊደል በፊደል እያነጻጸረ ይሄዳል፤ ልዩነት ሲያገኝ ወዲያው «ስህተት» ይላል። ኮዱ ትክክል ነው፣ ብትፈትኑት ያልፋል። ግን የመጀመሪያው ፊደል ላይ ስትሳሳቱ መልሱ ቶሎ ይመጣል፤ አምስተኛው ላይ ስትሳሳቱ ለዓይን በማይታይ ልክ ይዘገያል። ያቺን የሰከንድ ቁራጭ እየለካ የሚቀመጥ ሰው ፓስዎርዱን ፊደል በፊደል ይለቅመዋል። ፖል ኮቸር የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1996 ጊዜ በመለካት ብቻ የምስጠራ ቁልፍ ማውጣት እንደሚቻል አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ ጥሩ የምስጠራ ላይብረሪ የሚጽፉ ሰዎች መልሱ ትክክል ሲሆንም ሲሳሳትም እኩል ጊዜ የሚፈጅ ኮድ ለመጻፍ ይደክማሉ። ይሄን የማያውቅ ጎበዝ ፕሮግራመር በአንድ ሳምንት «የራሱን» ምስጠራ ይጽፋል። ሥራው ያምራል፣ ይሠራል፣ ያፈሳል።

ትልልቆቹም ይሄ ይደርስባቸዋል። ሁላችንም የምንኖርበት ቴሌግራም ሲጀምር ኤምቲፕሮቶ የተባለ የራሱን አሠራር ፈጠረ። ገና በወጣበት በ2013 መጨረሻ፣ በሩሲያኛ የሚጽፍ አንድ ኮድ አንባቢ የሚስጥር ቻቱ የቁልፍ አሰጣጥ ላይ ሰርቨሩ መሃል ገብቶ ሊያነብ የሚችልበትን ክፍተት አገኘ። ቴሌግራም አስተካከለው፣ ላገኘውም ሰው 100,000 ዶላር ሸለመ። በነገራችን ላይ፣ ዛሬም ቴሌግራም ላይ የምትጽፉት ተራ ቻት፣ ግሩፑም ቻናሉም፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቆለፈ አይደለም። «ሲክሬት ቻት» ብላችሁ ካልከፈታችሁ ድርጅቱ ራሱ ሊከፍተው ይችላል። ስንት ሰው ይሄን ሳያውቅ የመታወቂያውን ፎቶ እዚያ እንደሚልክ አስቡት።

ዋትስአፕ በሌላ መንገድ ሄደ። የሲግናል ሰዎች፣ ሞክሲ ማርሊንስፓይክና ትሬቨር ፔሪን፣ ነድፈው ለሁሉም ያስቀመጡትን አሠራር ወሰደ። ሥራው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2016 ሲጠናቀቅ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሰው ምንም ሳይጫን፣ ምንም ሳይማር ቻቱ ተቆለፈለት። በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ለጋራ ያወጡት ሥራ ማለት ይሄ ነው።

«ኮዱ ለሁሉም ከተገለጠ ሌባውም ያየው የለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ያየዋል። አውጉስት ከርክሆፍስ የሚባል ሆላንዳዊ መምህር ግን መልሱን በ1883 ጽፎታል፦ መሣሪያው በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳን ምስጢሩ መጠበቅ አለበት፤ መደበቅ ያለበት ቁልፉ ብቻ ነው። የመርካቶ ቁልፍ ሠሪ ቁልፉ ውስጡ እንዴት እንደሚዞር ያውቃል፣ ግን ያ የእናንተን በር አያስከፍተውም። አሠራሩ ካልታወቀ ብቻ የሚያድን ቁልፍ ዕድሜው አጭር ነው።

የጦር መሣሪያ የነበረው ሒሳብ

ኦፕንኤስኤስኤል የተወለደው አሜሪካ አይደለም። ምክንያቱም በ1990ዎቹ አሜሪካ ጠንካራ ምስጠራን ከጦር መሣሪያ ጋር መድባ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ትከለክል ነበር። ፊል ዚመርማን የሚባል ፕሮግራመር በ1991 ፒጂፒ የተባለ የኢሜይል መቆለፊያ ለቆ ሦስት ዓመት ያህል የወንጀል ምርመራ ላይ ከርሟል። ምርመራው በ1996 መጀመሪያ ያለ ክስ ተዘጋ። በመሃሉ ኤምአይቲ ፕሬስ የፒጂፒን ኮድ በመጽሐፍ አሳተመው። ሶፍትዌሩን በዲስክ ማውጣት ወንጀል ነው ሲባል በወረቀት የታተመ መጽሐፍ ግን እንደማንኛውም መጽሐፍ ድንበር ተሻገረ። እኔ ይሄን ታሪክ በጣም ነው የምወደው።

አውስትራሊያ ውስጥ ግን ኤሪክ ያንግና ቲም ሃድሰን የሚባሉ ሁለት ሰዎች የአሜሪካ ሕግ አይነካቸውምና ኤስኤስኤልኢ የተባለውን ላይብረሪ ጽፈው ለቀቁት። እነሱ ወደ ሌላ ሥራ ሲሄዱ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1998፣ በጎ ፈቃደኞች ኮዱን ተቀብለው ኦፕንኤስኤስኤል አሉት። የዓለም ባንክና ሱቅ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህ ላይ ነው።

መጋቢት 29 ቀን 2006

በዚያን ቀን ኸርትብሊድ፣ በአማርኛ «የሚደማ ልብ» እንበለው፣ ይፋ ሆነ።

ነገሩ ቀላል ነው። ሁለት ኮምፒውተሮች እየተገናኙ ሳለ አንዱ ሌላውን «አለህ?» እያለ የሚጠይቅበት መንገድ አለ። አንዱ ቃል ይልካል፣ የቃሉን ርዝመት ይናገራል፣ ሌላው ያንኑ ቃል መልሶ ይልካል። ለምሳሌ «ሰላም፣ 3 ፊደል ነው፣ መልስልኝ» ይላል። ኦፕንኤስኤስኤል ግን የተነገረውን ርዝመት ከእውነተኛው ጋር አያመሳክርም ነበር። ስለዚህ «ሰላም፣ 64 ሺህ ፊደል ነው፣ መልስልኝ» ለሚለው ሰው ሰላምን ጨምሮ ከአጠገቡ ሜሞሪ ላይ ያገኘውን ሁሉ አፍሶ ይልክለታል። በአንድ ጥያቄ እስከ 64 ኪሎባይት፣ የፈለገውን ያህል ጊዜ ደጋግሞ። ያ ሜሞሪ ውስጥ የሌላ ሰው ፓስዎርድ ሊኖር ይችላል፣ የሰርቨሩ ዋና ቁልፍም ሊኖር ይችላል። ሰርቨሩ ላይ የሚቀር የተለመደ ዱካም የለም።

ክፍተቱን የጎግሉ ኒል ሜህታና ኮዴኖሚኮን የተባለ የፊንላንድ ድርጅት ለየብቻቸው ነው ያገኙት። የኔትክራፍት ግምት እንዳለው በምስጠራ ከሚሠሩት ሰርቨሮች 17 በመቶ ያህሉ፣ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ፣ ተጋልጠው ነበር። የካናዳ የግብር መሥሪያ ቤት የኦንላይን አገልግሎቱን ዘጋ፤ እስኪዘጋ ድረስ ግን የ900 ሰዎች የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር ተሰርቆ ነበር።

ስህተቱ ከየት መጣ? ከአንድ ጀርመናዊ የፒኤችዲ ተማሪ። በነፃ ያበረከተው ኮድ ነው። አንድ የኦፕንኤስኤስኤል ሰው አየው፣ አለፈው፣ በፈረንጆቹ 2011 የመጨረሻዋ ሌሊት ኮዱ ውስጥ ገባ። መጋቢት 2012 ላይ በወጣው ዕትም ለዓለም ተዳረሰ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አላየውም። የልጁ ስም ያኔ በየጋዜጣው ተጽፏል፤ እዚህ መድገሙ ምንም አይጨምርም። በበዓል ዋዜማ ሌሊት በነፃ የሚሠራን ሰው መውቀስ ቀላል ነው። ከባዱ ጥያቄ እነዚያ ከእሱ ሥራ ቢሊዮን የሚያተርፉት ድርጅቶች ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ያዩ ነበር የሚለው ነው።

ገንዘቡን ስሙ። የኦፕንኤስኤስኤል ፋውንዴሽንን ያስተዳድር የነበረው ስቲቭ ማርከስ ከኸርትብሊድ በኋላ እንደጻፈው፣ በዓመት ከመላው ዓለም የሚመጣው መዋጮ ወደ 2,000 ዶላር ገደማ ነበር። ሙሉ ጊዜውን ሰጥቶ የሚሠራው ደግሞ አንድ ሰው። በአማርኛ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ እዚህ ያለው ግን ከሃምሳ በጣም የበዛ ሎሚ ነው፣ የተሸከመውም አንድ ሰው ነው።

እድርን አስቡ። ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ ወንበሩ የጋራ ነው፤ ግን በየወሩ የሚከፈል መዋጮ አለ፣ ያልከፈለ ይቀጣል፣ ድንኳኑ ሲቀደድ የሚያሰፋ ሰው ተመድቧል። ኦፕንኤስኤስኤል ድንኳን ነበረው፣ መዋጮ አልነበረውም። ሀብታሞቹም ድሆቹም እኩል ሥሩ ተጠልለው ነበር።

ከተቀደደ በኋላ ግን ሁሉም ሮጠ። በዚያው ወር እነ ጎግል፣ ማይክሮሶፍት፣ ፌስቡክና አማዞን በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር እያንዳንዳቸው በዓመት 100,000 ዶላር፣ ቢያንስ ለሦስት ዓመት ለመስጠት ቃል ገቡ። የኦፕንቢኤስዲ ሰዎች ኮዱን ቀድተው፣ ያላማራቸውን እየጣሉ ሊብሬኤስኤስኤል አሉት። ጎግልም ቦሪንግኤስኤስኤልን አወጣ፤ ግን «ይሄ ለራሳችን ነው፣ ለሌላ ሰው እንደሚሆን ዋስትና አንሰጥም» ነው አቋሙ። ሐቀኛ ናቸው። ከጋራ ድስት ወስዶ ለብቻ መቀቀል ግን መዋጮ ነው ወይ?

ያልተመጣጠነ ነገርም ነበር። ዜናው ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት ጎግል የራሱን ጠግኖ ነበር፤ ክላውድፍሌርም ቀድሞ ሰምቷል። ያሁ ግን ዜናው በወጣበት ቀን ክፍት ነበር። ያሁ እንኳን ካልሰማ የአዲስ አበባ ባንክ ከየት ይሰማል?

በዚያው ሚያዝያ

ይሄ ታሪክ እኛ ጋ አንድ መራራ ጎን አለው። ኸርትብሊድ በወጣ በ18ኛው ቀን፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2006፣ አዲስ አበባ ውስጥ የዞን 9 ጦማሪያንና ጋዜጠኞች መታሰር ጀመሩ። በጠቅላላው ዘጠኝ ሰው። በሽብር ሲከሰሱ ክሱ ውስጥ ከተጠቀሱት ነገሮች አንዱ «ሴኩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» የተባለውን የዲጂታል ደህንነት ሥልጠና መውሰዳቸው ነበር። ማንም ከኢንተርኔት የሚያወርደው፣ ኢሜይል እንዴት እንደሚቆለፍ የሚያስተምር ክፍት መመሪያ ነው። የቀሩት ተከሳሾች ጥቅምት 2008 ላይ በፍርድ ቤት ከሽብር ክሱ ነፃ ተባሉ።

ዓለም «ቁልፋችን ተበላሽቷል፣ ጠግኑ!» እያለ በሚጮህበት ወር እኛ ጋ መቆለፍ ራሱ ያስጠረጥር ነበር። የአሜሪካንን የ1990ዎቹ ታሪክ ያነሳሁት ለዚህ ነው፤ በሽታው የእኛ ብቻ አይደለም። በነገራችን ላይ ምስጠራ ሁሉንም አያድንም። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ሲቲዝን ላብ የተባለው የካናዳ የምርምር ተቋም ውጭ ያሉ የኢሳት ጋዜጠኞች በስለላ ሶፍትዌር ዒላማ መደረጋቸውን አጋልጧል። ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ራሱ ከተያዘ፣ መንገዱ ቢቆለፍም ትርፉ ትንሽ ነው።

የዋህ እጅ፣ ክፉ እጅ

ለጋራ ላይብረሪ ኮድ ማዋጣት ጥሩ ሐሳብ ብቻ አይበቃውም። በ2006 (እ.ኤ.አ.) ዴቢያን የተባለውን ሊኑክስ የሚያዘጋጅ አንድ በጎ ፈቃደኛ ኦፕንኤስኤስኤል ውስጥ የስህተት መፈለጊያ መሣሪያው የሚያማርርባቸውን መስመሮች አየ። «ይሄ ይውጣ ወይ?» ብሎ ጠየቀ፣ የከለከለው ሰው አላጋጠመውም፣ አወጣቸው። እነዚያ መስመሮች ግን ለቁልፍ መሥሪያ የሚሆነውን የዘፈቀደ ቁጥር የሚያመጡ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ዴቢያን ላይ የተሠራ ቁልፍ ሁሉ ለአንድ ዓይነትና መጠን ከ32,768 አማራጮች አንዱ ሆነ። አንድ ላፕቶፕ በቀላሉ ሁሉንም ይሞክራቸዋል። ለ20 ወራት ገደማ ማንም ሳያየው ቆይቶ ግንቦት 2008 ላይ ሉቺያኖ ቤሎ የሚባል የዴቢያን ሰው አገኘው። ንጹህ ልብ፣ ንጹህ ኮድ፣ ክፍት በር።

ክፉው እጅ ደግሞ በቅርቡ መጣ። ኤክስዜድ ፋይል የሚያሳንስ ላይብረሪ ነው፣ የምስጠራ አይደለም፤ ግን አንዳንድ ሊኑክሶች ላይ ዞሮ ዞሮ ወደ ሰርቨር መግቢያው ኤስኤስኤች ውስጥ ይገባል። የሚጠብቀው ላሴ ኮሊን የሚባል አንድ ፊንላንዳዊ በትርፍ ጊዜው ነው። ከ2021 ጀምሮ ጂያ ታን የሚል ስም ያለው ሰው መጣ። ትሁት ነው፣ ታታሪ ነው፣ ኮድ ያዋጣል። በ2022 ደግሞ የማይታወቁ ሰዎች ላሴን ያዋክቡት ጀመር፦ ለምን ትዘገያለህ፣ ለምን ለሌላ አትሰጥም። ሰውዬው መድከሙን፣ የአእምሮ ጤናውም እንዳልተመቸው በግልጽ ጽፎ ነበር። በመጨረሻ ለጂያ ታን ሥልጣን ሰጠው። ጂያ ታን በ2024 መጀመሪያ በወጡት 5.6.0 እና 5.6.1 ዕትሞች ውስጥ የጓሮ በር ቀበረ፤ የራሱ ቁልፍ ያለው ሰው ብቻ የሚከፍተው በር።

ያዳነን ዕድል ነው። አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ሌላ ነገር እየፈተነ ሳለ ኤስኤስኤች መግቢያው ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየ አየ። ግማሽ ሰከንድ! ሌላ ሰው ቢሆን «ኔትወርኩ ነው» ብሎ ያልፋል፣ እኛ አገር ያለ ሰውማ በእርግጠኝነት ያልፋል። እሱ ግን ቆፈረ፣ መጋቢት 20 ቀን 2016 ለዓለም አሳወቀ። ጂያ ታን ማን እንደሆነ ዛሬም በይፋ አልታወቀም።

ከዚህ ታሪክ «ክፍት ምንጭ አደገኛ ነው» የሚል ድምዳሜ የሚያወጡ አሉ። እኔ አልስማማም። ኮዱ ዝግ ቢሆን ፍሮይንድ የሚቆፍረው ነገር አይኖረውም ነበር። አደጋው ያለው የደከመ ሰው ብቻውን መተዉ ላይ ነው። ሰርጎ ገቡ የሰበረው ሒሳቡን አይደለም፣ ሰውየውን ነው።

አሁን ምን ተለወጠ?

ገንዘቡ ትንሽ ተሻሽሏል። ኦፕንኤስኤስኤል ዛሬ የሚከፈላቸው ሠራተኞች አሉት። ጀርመን በ2022 ለእንዲህ ያለ የጋራ ኮድ ብቻ የሚውል የመንግሥት ፈንድ አቋቁማለች። ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ የአውሮፓ ኅብረት የሳይበር ሕግ ነው። ታኅሣሥ 2024 ጸንቷል፤ ዋናው ግዴታ ከታኅሣሥ 2027 ይጀምራል። ዲጂታል ዕቃ የሚሸጥ ድርጅት የተጠቀመበት ክፍት ኮድ ውስጥ ክፍተት ካገኘ ለኮዱ ጠባቂ የማሳወቅ፣ ማስተካከያ ከሠራም እሱን የማካፈል ግዴታ ይጥላል። መዋጮው በሕግ መጣ ማለት ነው፤ ያውም በገንዘብ ሳይሆን በሥራ።

እኛስ? ፋይዳ የቆመው ሞሲፕ በሚባል ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ላይ ነው። በ2018 (እ.ኤ.አ.) ሕንድ፣ ባንጋሎር ውስጥ ባለ የቴክኖሎጂ ተቋም ተጀመረ፤ ፊሊፒንስና ሞሮኮም ወስደውታል። ኮዱን አሁኑኑ ጊትሃብ ላይ ገብታችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። ይሄ በእኔ እይታ ብልህ ውሳኔ ነው። የሚሊዮኖችን አሻራ የያዘ ሲስተም አንድ የውጭ ድርጅት በቆለፈው ሳጥን ውስጥ ቢሆን ኖሮ ዋጋውንም ውሉንም የሚወስነው እሱ ነበር። ዲጂታል መታወቂያው አዋጅ አለው፣ ቁጥር 1284/2015፤ የግል መረጃ ጥበቃም አዋጅ አለው፣ ቁጥር 1321/2016። አዋጅ ግን ኮድ አያነብም። ኮዱን በደመወዝ ቁጭ ብሎ የሚያነብ፣ ያገኘውን ስህተት ወደ ምንጩ የሚመልስ የራሳችን ሰው ያስፈልጋል። ለአንድ ትልቅ ባንክ የሁለት መሐንዲስ ደመወዝ ከአንድ የቢልቦርድ ማስታወቂያ በላይ ያስቸግራል ብዬ አላምንም።

ወጣቱ ጋ ደግሞ ሌላ ዕድል አለ። በኦፕን ሶርስ ዓለም ዲግሪህን የሚጠይቅህ የለም፤ የሚታየው የላክኸው ሥራ ነው። (ዲግሪ ስለሌለኝ ይሄ ነገር ለብቻው ደስ ይለኛል።) ኦፕንኤስኤስኤል ለማንኛውም ሰው ክፍት ነው፤ ትልቅ ለውጥ ካመጣህ የአዋጪነት ስምምነት ትፈርማለህ፣ ለጥቃቅን እርማት ግን እሱም አይጠየቅም። የትኛውም ለውጥ ቢያንስ ሁለት ገምጋሚ ሳያጸድቀው አይገባም። ስለዚህ የምስጠራው እምብርት ላይ አትጀምሩ። መመሪያው ውስጥ ግልጽ ያልሆነውን አስተካክሉ፣ ሙከራ ያልተጻፈለትን ጻፉለት፣ በአሮጌ ስልክና በደካማ ኔትወርክ ላይ ምን እንደሚሆን ፈትሹ። በዚህ በመጨረሻው እኛን የሚያህል ባለሙያ የለም!

ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቁ። ኤአይ ጠይቃችሁ «ክፍተት አገኘሁ» ብላችሁ ያልገባችሁን ሪፖርት አትላኩ። የከርል ፈጣሪ ስዊድናዊው ዳንኤል ስተንበርግ በ2025 በእንዲህ ዓይነት የውሸት ሪፖርት ጎርፍ ምን ያህል እንደተማረረ ደጋግሞ ተናግሯል፤ የደከመን ሰው ይበልጥ ማድከም ነው። ሌላው፣ ክፍት ኮድን ራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ መመርመር የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ የባንክ ሰርቨር ውስጥ ያለ ፈቃድ «ልሞክረው» ብሎ መግባት ግን በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስከስሳል። እውነተኛ ክፍተት ካገኛችሁም ቴሌግራም ቻናል ላይ አትለጥፉት፤ ፕሮጀክቶቹ በምስጢር የሚያሳውቁበት ኢሜይል አላቸው።

ለመንግሥት ደግሞ አንድ ነገር፦ ኮድ የሚያዋጣ ልጅ ኢንተርኔት ይፈልጋል። አማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ቁጭ ብሎ ከዓለም ጋር ኮድ የሚገማገም ሰው ምን ያደርጋል? ላሴ ኮሊን «ለምን ትዘገያለህ» ተብሎ ነው የተዋከበው። የእኛ ልጅ ቢሆን ለመዘግየቱ የሚሰጠው ምክንያት እንኳን አይደርስም።

እስከዚያው የምትጠቀሙበትን ባንክ ወይም አፕ አንድ ነገር ልትጠይቁት ትችላላችሁ፦ ሰርቨራችሁ ላይ ያለው ኦፕንኤስኤስኤል ስንተኛ ዕትም ነው? ክፍተት ሲወጣ ማስጠንቀቂያው የሚደርሰው ለማን ነው? 3.5 የወጣው መጋቢት 30 ቀን 2017 ነው፤ ነገ ለሚመጡት የኳንተም ኮምፒውተሮች የተዘጋጀውን ምስጠራ ይዟል፣ ድጋፉም እስከ 2030 (እ.ኤ.አ.) ይቆያል። በብዙ ሰርቨሮች ላይ ለዓመታት የኖረው 1.1.1 ግን ነፃ ድጋፉ የተቋረጠው ጳጉሜን 6 ቀን 2015፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። የ3.0 ቀን ደግሞ ጳጉሜን 2 ቀን 2018 ነው።